ለአዴ ሲባል ያልተዘጋ ሱቅ

ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። እናቴ በልጅነቴ «አንቺ ልጅ፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ ወይ?» ትለኝ ነበር። ሌላው ሰው ወንበር ላይ ተደላድሎ የሚሠራውን የሱቅ ሥራ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁት ቆሜ ነው። ገበያ ሲጠፋ መደርደሪያ አራግፋለሁ፣ ያራገፍኩትን መልሼ እደረድራለሁ፣ የሩዙን ጆንያ ከበር ወደ ጥግ፣ ከጥግ ወደ በር እጎትታለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ፍጹም ሌላ ሰው ነው። ጠዋት ወንበሩን በሩ አጠገብ ካደረገ ለሰላት ካልሆነ አይነሳም፤ ካልጠየቁት አይናገርም፤ ሲጠየቅም አንዳንዴ ብቻ ነው። ስንጋባ ሰዎች «እሳትና ውኃ» አሉን። እሳቷ እኔ መሆኔን ማንም አልጠየቀም።

ሱቃችን ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲዬ አራት ውስጥ ነበረች። ከመኪናው መንገድ በአንዲት ጠባብ መተላለፊያ ገባ ይባላል፤ ግድግዳዋ ቆርቆሮና እንጨት፣ በሯ ሰማያዊ፤ ከኋላዋ ያሉት ሁለት ክፍሎች ደግሞ መኖሪያችን ናቸው። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ የሻይ ቅጠል፣ የዱቄት ወተት፣ የቲማቲም ድልህ እንሸጣለን። ከሌሎች ሱቆች የሚለየን ከድሬዳዋ የምናስመጣው በርበሬ፣ ሽሮና ቅመም ነው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አሽጎ በባቡር ይልክልናል፤ ባለቤቴ ናጋድ ጣቢያ ድረስ ሄዶ ይቀበላል። ባንኮኒው ላይ ዋጋ በፈረንሳይኛ ይጠራል፣ ክርክሩ በሶማሊኛ ይካሄዳል፣ መሐላው በዓረብኛ ይሆናል። እኔና ባለቤቴ ስንኳረፍ ግን ወደ አማርኛችን እንመለሳለን።

ከዋናው መንገድ ዳር ትልቁ ሱፐርማርኬት የተከፈተ ሰሞን በእኛ ሰፈር የደነገጠ ሰው አልነበረም። ለፈረንጆቹና ለወታደሮቻቸው ነው፣ እኛ ምን አገባን ተባለ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሰፈራችን ሴቶች ለሠርግ የሚያወጡትን ስስ ዲራዕ ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ ሲሄዱ አየኋቸው። ማን አገባ ብዬ ጠየቅኩ። ያገባ ሰው የለም፤ ሱፐርማርኬት ነው። ልጆቻቸውን በዕቃ መግፊያው ጋሪ ላይ ጭነው ፎቶ አንስተው፣ ቀዝቅዘው፣ ፈገግ ብለው ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ዘይትና ሩዝ ከእኔ መግዛት ቀረ። ወደ እኔ የሚመጡት ለአንድ እንቁላል፣ ለሁለት ሎሚ፣ ለክብሪት ሆነ። ሱቄ ሱፐርማርኬት ሄደው የረሱትን የሚገዙባት ቤት ሆነች።

አሁን ሳስበው ያን ጊዜ መዝጋት ነበረብን። ሰው ግን ዓይኑ እያየ አያምንም።

መጀመሪያ ያደረግኩት ምርቃቱን መጨመር ነው። ለማያውቅ ልንገር፤ እኛ ዘንድ ዕቃ ከተመዘነ በኋላ ገዢ ከረጢቱን እንደከፈተ ይጠብቃል፣ ሻጭም አንድ እፍኝ ይጨምርለታል። ይህ በሕግ አልተጻፈም፤ ያልጨመረ ሻጭ ግን በሳምንቱ ዝንብ ሲያባርር ይውላል። እኔም፣ የሱፐርማርኬቱ ማሽን ምርቃት አይሰጥ፣ በዚህ እበልጣቸዋለሁ አልኩ። አንዱ እፍኝ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ ሦስት። አንድ ቀን ግማሽ ኪሎ ሽሮ ለገዛች ሴት ስዝቅ ስዝቅ ባለቤቴ ከወንበሩ ሳይነሳ፣

«አንቺ ሴትዮ፣ እየሸጥሽ ነው ወይስ ሶደቃ እያወጣሽ?» አለኝ።

«አቦ ተወኝ! አንተ ቁጭ ብለህ ከምታይ ሰው ብትጠራ ምን አለበት?»

«ምን ብዬ ልጥራ?»

እውነቱን ነው፤ ምን ብሎ ይጠራል? ሴትየዋ ሽሮዋን ይዛ መርቃን ሄደች፤ ሩዙን ግን ከሱፐርማርኬት ገዝታ ኖሯል፤ ከረጢቷ ውስጥ አይቻለሁ።

ቀጥሎ ደግሞ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆነና፣ እነሱ የሚሸጡትን እኔም ልሽጥ ብዬ አንድ ካርቶን የቁርስ ኮርንፍሌክስ አስመጣሁ። ዶሮ የተሳለበት ነው። በሩ ላይ እንዲታይ አድርጌ ደረደርኩት። የሰፈሩ ሰው እየመጣ ዶሮውን አየና «ዶሮ መሸጥ ጀመርሽ?» አለኝ። አንድም አልተሸጠም። ጊዜው ሊያልፍበት ሲል እኔና ባለቤቴ ጠዋትም ማታም በላነው። አንድም ቀን ምንም ሳይለኝ በላ። ያ ዝምታው ከስድብ ይብሳል።

ከዚያ፣ ጠላትህን እወቅ ብዬ ልሰልል ሄድኩ።

ሰኔ ነበር። ካምሲን የሚሉት ነፋስ ከበረሃ እየተነሳ አቧራና እሳት የሚነፋበት፣ መብራት በቀን ሦስት ጊዜ የሚጠፋበት፣ የቆርቆሮው ግድግዳ በእጅ የማይነካበት ወር ነው። የሱፐርማርኬቱ የመስታወት በር በራሱ ተከፈተልኝና ገባሁ። እዚህ ክሊም የሚሉት ማቀዝቀዣ ከላይ ወረደብኝ። ላቤ ግንባሬ ላይ ደረቀ። የመጣሁበትን ረስቼ እርጎ የተደረደረበት ቦታ ፊት ለፊት ቆምኩ። ስንት ዓይነት እርጎ አለ! ቆሜ አየሁ፤ ማንም «ምን ልስጥሽ?» አላለኝም፤ ማንም «ትገዢያለሽ ወይስ ታያለሽ?» አላለኝም። አንዱን አነሳሁ፣ መለስኩ፣ ሌላውን አነሳሁ። ወላሂ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም ተናደድኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዎች በዚያ ሙቀት ባንኮኒዬ ፊት ቆመው ጀርባዬን እያዩ የፈለጉትን እስካወርድላቸው የጠበቁት ምን ተሰምቷቸው ይሆን ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብኩ። ሐሳቡን ወዲያው ከአእምሮዬ አባረርኩት።

ሁለተኛም ሄድኩ፣ ሦስተኛም። ለራሴ ዋጋ ልሰልል ነው እላለሁ። ሳልገዛ መውጣት ስለሚያሳፍር ትንሽ ነገር እገዛለሁ፤ የገዛሁትንም ዘምቢሌ ሥር አድርጌ ከላይ ሻሽ እጥልበታለሁ። አንድ ባለሱቅ ከሌላ ሱቅ ዕቃ ሲያሸሽ ያየ ሰው ምን ይላል? ስለዚህ የምሄደው ከዙሁር ሰላት በኋላ፣ ከአስር ሰላት በፊት ነው፤ ጫቱ ከገባ፣ ምሳው ከተበላ በኋላ ከተማው ሁሉ ተኝቶ ውሻ እንኳ ጥላ ፈልጎ በሚጋደምበት ሰዓት።

የባለቤቴ ወንድም የደወለው በዚያው ወር ነው። ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ አጠገብ የቅመም ማከፋፈያ አለው። ነገሩን በአጭሩ ነገረን፤ ሁለተኛ መደብር ሊከፍት ነው፣ ለባዕድ መስጠት አይፈልግም፣ እኔና ባለቤቴ መጥተን እንድንይዝለት፣ ግማሹ የእኛ እንዲሆን። «ይህ ሙቀት እስኪያልፍ እጠብቃችኋለሁ። ከዚያ በላይ ግን አልችልም፤ ሌላ ሰው አለ» አለ።

ባለቤቴ ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ አየ። እኔ የጆንያ አፍ መስፋት ጀመርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን የሚበላውም የሚጠጣውም ይህ ጥያቄ ሆነ፤ ዘግተን ድሬ እንግባ ወይስ እንቅር? እሱ ግን እንሂድ ብሎ አፉን ሞልቶ ተናግሮ አያውቅም። እንዲያው ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ «ድሬ ዝናብ ዘንቧል አሉ» ይላል።

«ይዝነባ!» እላለሁ እኔ።

ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ማንጎው ደርሷል አሉ።»

«እዚህስ ማንጎ ጠፋ?»

መልሶ ሻዩን ይጠጣል። መሄድ እንደሚፈልግ አውቄያለሁ፤ የእሱ ልመና ይህ ነው። እኔስ ምን አጣላኝ? ድሬ ተወልጄ ያደግኩባት ከተማ ናት። ሱቃችን እየሞተች ነው። ለምን እንደምቀር ሲጠይቁኝ ግን ዝግጁ መልስ ነበረኝ፤ አዴ።

አዴ ሐረር የተወለደች፣ ከወጣትነቷ ጀምሮ ጅቡቲ የኖረች አሮጊት ናት። ቤቷ ከእኛ ሁለት መተላለፊያ አለፍ ብሎ ነው። አዴ የምላት ስሟ ሆኖ አይደለም፤ እኛ አገር ትልቅ ሴት እንዲህ ነው የምትጠራው። አንቱ እንዳልላት ደግሞ ድሬ ያደገ ሰው አንቱታ አይሆንለትም፤ ምላሱ ይታሰራል። ሱቃችን ከተከፈተችበት ሳምንት ጀምሮ ደንበኛችን ነበረች። ባሏ ሞቷል፣ ሴት ልጇ ሆዳን በሚባለው አዲስ ሰፈር ቤት ሠርታ ነይ ብትላት እምቢ ብላ ብቻዋን ትኖራለች። ጉልበቷን ያማታል። ከዘራዋን ይዛ በዚያ ሙቀት መተላለፊያውን ስትመጣ፣ ከሩቅ ስትንጠራወዝ ሳያት አንጀቴን ትበላኛለች። ሮጬ በርጩማ አወጣላታለሁ፣ ውኃ አቀርብላታለሁ። ሌላው ደንበኛ ሁሉ ሲከዳ እሷ ብቻ አልከዳችም። እንዲያውም ከበፊቱ የበለጠ መምጣት ጀመረች።

«ስኳር ላድርግልሽ አዴ?»

«አድርጊልኝ።»

«ድልህም ገብቷል።»

«ስጪኝ።»

ብቻዋን የምትኖር ሴት በሳምንት ሁለት ጊዜ ስኳር ምን ታደርገዋለች? አልጠየቅኩም። ስላስደሰተኝ አልጠየቅኩም። እሷ ስትመጣ ያ ቀን ቀን ይመስለኝ ነበር።

ሙቀቱ ሊያልፍ ሲል ወንድምየው ደወለ። ባለቤቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው፤ ሁለታችንም እንድንሰማ።

«እህ? ምን ወሰናችሁ?» አለ።

ባለቤቴ እኔን አየ። እኔም ቶሎ ተናገርኩ፤ ካልተናገርኩ እሱ እሺ ይላል ብዬ ፈራሁ።

«አዴን ማን ላይ ጥለን እንመጣለን? ሱፐርማርኬት ድረስ የሚያስኬድ እግር የላትም። እኛ ከዘጋን አሮጊቷ ምን ልትበላ ነው? ይህ ግፍ ነው።»

ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። የሆነ ነገር ሊል ከንፈሩን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመው። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ፣

«አልቻልንም፣ ወንድሜ» አለ።

«እሺ። አላህ ያግራ» አለ ወንድምየው። ቅር ብሎታል። በሳምንቱ መደብሩን ሌላ ሰው እንደያዘው ሰማን።

እኔ ያን ቀን ራሴን ደግ ሰው አደረግኩት። እውነቴን ነው የምናገረው፤ ኮራሁ። አንዲት አሮጊት እንዳትራብ ብዬ ድሬን ያህል አገር፣ መደብር ያህል ነገር ትቻለሁ ብዬ ለሁለት ጎረቤት አወራሁ። አዴ ስትመጣም በርጩማውን ከበፊቱ ቀድሜ አወጣሁላት። ለእሷ አልነገርኳትም፤ እንዳይከብዳት ብዬ ነው።

ካምሲኑ ቆሞ፣ ሰው ትንሽ መተንፈስ ሲጀምር፣ አንድ ቀን ከዙሁር በኋላ ዘምቢሌን ይዤ እንደልማዴ ሱፐርማርኬት ሄድኩ። ሳሙናው የተደረደረበትን መተላለፊያ ጨርሼ ስታጠፍ ከማቀዝቀዣዎቹ አጠገብ አንዲት ሴት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ አየሁ። ዘበኛው አምጥቶላት መሆን አለበት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች፣ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ስባለች፣ ፊት ለፊቷ የቆመው ጋሪ እስከ አፉ ሞልቷል። ከዘራዋን አየሁት።

መጀመሪያ ያሰብኩት እንዳታየኝ ነው። አዴ እዚህ ካየችኝ ምን ትለኛለች? እኔም ሻሼን ወደ ፊቴ ሳብኩና ወደ ሳሙናው ተመለስኩ። ቆምኩ። ከዚያ ነው ነገሩ የገባኝ። እኔ ከእሷ ስደበቅ እሷ ከማን ነው የምትደበቀው?

ሄጄ ፊቷ ቆምኩ።

«አዴ?»

«ወይ ጉዴ!» አለች፤ ሻሿ ከእጇ አመለጠ። «አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? በዚህ ሰዓት አትተኚም እንዴ?»

«አንቺስ? እግርሽስ? መራመድ አትችይም አልነበረም?»

«ማን ተራመደ? ልጄ ከሆዳን ታክሲ ትልክልኛለች፣ እበሩ ድረስ ያወርደኛል። እግሬን የሚገድለኝ ያንቺ መተላለፊያ ነው። እዚያ መኪና ይገባል እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ትመጫለሽ?» ጮህኩ መሰለኝ፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ዞራ አየችን።

አዴ መሬት መሬት አየች። ያን ጊዜ ነው በእርግጥ ያረጀች የመሰለችኝ።

«ይከፋሻል ብዬ ነዋ። ሰው ሁሉ ሲርቅሽ አያለሁ። እኔም ከቀረሁ ምን ይሰማት ይሆን እላለሁ። ይሉኝታ ያዘኝ፣ ልጄ። በርጩማውን ይዘሽ ስትሮጪ ሳይሽማ እንዴት ብዬ ልቅር? ያንቺ ስኳር አልጋዬ ሥር ጉንዳን ወርሶታል። ድልሁንም ለጎረቤት ሳድል ሰዎቹ ተማረሩብኝ፤ አዴ በቃን አሉኝ።»

«እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ነው ያልዘጋሁት!» አልኩ። «ድሬ መደብር ተሰጥቶን ነበር። አዴን ማን ላይ ጥዬ ብዬ እምቢ አልኩ። ላንቺ ብዬ!»

«ማን ቅሪ አለሽ?»

«ማንስ ነይ አለሽ?»

ዘበኛው ምን እንደሆነ ሊያይ መጥቶ ነበር፤ ሁለት ሴቶች ዕንባቸውን ይዘው ሲፋጠጡ አየና ተመለሰ። አዴ እጄን ያዘችኝ። እጇ ከማቀዝቀዣው ብርድ የተነሳ በረዶ ሆኗል። ትስቃለች እንጂ ታለቅሳለች አላልኩም፤ እሷ ግን አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ንዴት ዕንባ ያደርቃል። በእሷ አልነበረም የተናደድኩት፤ ወይም በእሷም ነበር። ዘምቢሌን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ቤት ስገባ ባለቤቴ ከቀትር እንቅልፉ ነቅቶ ለአስር ሰላት ውኃ እየቀዳ ነው።

«አዴን ሱፐርማርኬት አገኘኋት» አልኩት።

ጀሪካኑን ቀና አድርጎ አቆመ። አልደነገጠም። አለመደንገጡ አስደነገጠኝ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ከናጋድ ስመለስ ነው። ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ከታክሲ ስትወርድ ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ።»

«መቼ?»

«ሐምሌ ላይ።»

ሐምሌ! ወንድሙ መልስ ሲጠይቀን፣ እኔ የአዴን እግር ስቆጥርለት፣ ይህ ሰው ሁሉን ያውቅ ነበር። ከንፈሩን ከፍቶ የገጠመውን አስታወስኩ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ለምን ወንድምህን እምቢ አልከው? ድሬ ድሬ እያልክ አልነበር? ዝናብ ዘነበ፣ ማንጎ ደረሰ እያልክ!»

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነው» አለ። እሱ እንዲህ ብዙ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «አዴም ሄደች ብልሽ ምን ትሆኚያለሽ? አንቺ ከዚህ ባንኮኒ ጀርባ ካልቆምሽ አንድ ወር አትቆዪም ብዬ ፈራሁ። ድሬ ሄደን የወንድሜ ሚስት የመደብሩ እመቤት፣ አንቺ እንግዳ ስትሆኚ አሰብኩት። ሱቁን እንደምትወጂው አውቃለሁ። ስለዚህ ተውኩት። ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ማን ለምኖህ?» አልኩ።

«ማንም» አለና ውኃውን ይዞ ወጣ።

ባንኮኒው ጀርባ ገብቼ፣ ወላሂ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ አልኩ። የሩዝ ጆንያ ላይ ነው የተቀመጥኩት። አዴ ለእኔ ብላ ስኳር ገዛች። ባለቤቴ ለእኔ ብሎ ወንድሙን አስቀየመ። እኔ ደግሞ ሁለቱን ተሸክሜ የቆምኩ ይመስለኝ ነበር፤ ተሸካሚዎቹ እነሱ ኖረዋል። ሱቁን እወደው እንደሆነ ራሴን ጠየቅኩ። ሙቀቱን አልወደውም፣ አቧራውን አልወደውም፣ ከሦስት ሰው ጋር በሦስት ቋንቋ መከራከሩ ሰልችቶኛል። የምወደው በበሩ የሚገባ ሰው እኔን ፈልጎ መምጣቱን ነበር። ለዚህ ብዬ አንዲት አሮጊት በሚያማት ጉልበቷ አስመላለስኳት፣ አንድ ዝም ያለ ሰው የተመኘውን አስቀረሁበት። ማንም አላስገደዳቸውም፤ በግልጽ ብንነጋገር ኖሮ በአንድ ሻይ የሚያልቅ ነገር ነበር። እኛ ግን እንዳይከፋት፣ እንዳይከፋው እየተባባልን ያን የሙቀት ወቅት ሙሉ ተጎዳን።

በተከታዩ ወር ዘጋን። በርበሬውንና ሽሮውን ለሰፈሩ አከፋፈልን፣ ባንኮኒውን አንድ አናጢ ወሰደው። ሱቋ አሁን ስልክ ይጠገንባታል። ባለቤቴ እዚሁ ጅቡቲ፣ ራስ ዲካ አካባቢ ያለ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ የጭነት ወረቀት ይጽፋል፤ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ዝም የሚባልበት ሥራ ስለሆነ ለእሱ የተፈጠረ ይመስላል። ድሬ ግን ሥራ የለንም፤ የወንድሙ መደብር በሌላ ሰው እጅ ደህና እየሄደ ነው ይላሉ። አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። አንዳንዴ ስልኩን አንስቶ የድሬን አየር ሁኔታ ያያል፤ አይቶ ይዘጋዋል፤ ምን እንዳየ አይነግረኝም። እኔም አልጠይቀውም ነበር። አሁን ግን እጠይቀዋለሁ። «ዘነበ?» እለዋለሁ። «ዘነበ» ይለኛል። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ ምን ይባላል?

ቤት መዋል ስለማልችል ሐሙስ ሐሙስ ከአዴ ጋር በልጇ ታክሲ ሱፐርማርኬት እንሄዳለን። ያን ቀን ከተፋጠጥን በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ተኳርፈን ነበር፤ ታክሲው አንድ ቀን መተላለፊያችን አፍ ላይ ቆሞ ጥሩምባ ሲነፋ ሄጄ ገባሁ፤ እሷም ገፋ አለችልኝ። አሁን ማንም ሻሹን አይስብም። ጋሪውን እሷ ትገፋለች፤ እንደ ምርኩዝ ሆኖላታል።

ባለፈው ሐሙስ የሻይ ቅጠል ትፈልግ ነበር። አንዱን አነሳች፣ ወደ ዓይኗ አስጠጋች፣ ዋጋውን አንብቢልኝ አለችኝ፣ አነበብኩላት፣ አሸተተችው፣ መለሰችው። ሌላ አነሳች። እሱንም ገለባበጠችና ወደ ቦታው መለሰች። ሦስተኛውን ይዛ ትንሽ ከሄድን በኋላ ሐሳቧን ቀይራ ተመለሰች። እኔ እንደምታውቁት ትዕግሥት የለኝም።

«አዴ፣ አንዱን ያዢና እንሂድ አቦ! ሁሉም ሻይ ነው።»

«ሁሉም አንድ አይደለም» አለች። «ይሄኛው ይመራል፣ አልወደውም። ምን አስቸኮለሽ? ልምረጥ እንጂ።»

የሚመር ያለችውን አየሁት። ከሱቄ ስትወስድ የኖረችው እሱን ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አዴ እኔ ያቀበልኳትን አንድም ዕቃ መልሳልኝ አታውቅም።